ሌቪን የዘነጋው ሰሚ

ሳናነበው የምንጠቅሰው አንድ መጽሐፍ አለ፦ የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ»። እ.ኤ.አ. በ1965 ቺካጎ ላይ ታተመ፤ ከዚያ ወዲህ ርዕሱ ከይዘቱ በላይ ኖረ። «ሀበሻ እኮ ሰምና ወርቅ ነው» ሲባል አንዳንዴ ሙገሳ ነው፣ አንዳንዴ ስድብ። ሙገሳው «ጥልቅ ነን» ማለት ነው። ስድቡ «ውሸታሞች ነን» ማለት ነው። የሚገርመው ሁለቱም ወገን ማስረጃ የሚያደርገው ያንኑ መጽሐፍ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከርዕሱ አልፌ ገብቼ አነበብኩት። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ሌቪን አገሩን ከሩቅ አይቶ የፈረደ ሰው አይደለም። መንዝ ገጠር ገብቶ ከገበሬ ጋር ኖሯል፣ አማርኛ ተምሯል፣ እኛ ዘንድ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚል ስም እስኪታወቅ ድረስ ተላምዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪሞትም ስለ ኢትዮጵያ መጻፉን አልተወም። ግን የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ላይ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አለ። ሌቪን ተናጋሪውን አጥንቷል፤ ሰሚውን ግን ዘንግቶታል። ይሄ ትንሽ ጉድለት እንዳይመስላችሁ። «ጥልቅ ነን» እና «ውሸታሞች ነን» የሚሉት ሁለት ፍርዶች የሚለያዩት እዚያች ቦታ ላይ ነው።

አራቱ ጥቅሞች

ሌቪን ሰምና ወርቅን የቅኔ ስልት ብቻ አድርጎ አያየውም። የኑሮ ዘይቤ ነው ይላል። በዕለት ተዕለት ሕይወት አራት ሥራ ይሠራል፦ ያስቃል፤ ሰውን በማያስነቅፍ መንገድ ለመስደብ ያገለግላል፤ የግል ጉዳይን ከሰው አፍንጫ ይከልላል፤ ባለሥልጣንን በፊት ለፊት መተቸት በማይቻልበት አገር መተንፈሻ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ የሚከራከረው ያለ አይመስለኝም። እናቶቻችን ጎረቤት ሲነኩ፣ አባቶቻችን አለቃ ሲያሙ የሰማ ሰው አራቱንም ያውቃቸዋል።

ችግሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በሌቪን ንባብ ይሄ አነጋገር የሚበቅለው ካለመተማመን መሬት ላይ ነው። ያጠናው ገበሬ ሰውን በተፈጥሮው የማይታመን ፍጡር አድርጎ ያያል፤ ስለዚህ ቃሉን ይሸፍናል፣ የሌላውንም ቃል ሽፋን አለው ብሎ ይጠረጥራል። ዘመናዊ ሥራ ደግሞ አንድ ቃል አንድ ትርጉም እንዲኖረው ይፈልጋል። ስለዚህ ሰምና ወርቅ ለቅኔ ጌጥ፣ ለዘመናዊነት እንቅፋት ሆኖ ይቀርባል።

ለሌቪን ፍትሐዊ እንሁን፦ እሱ ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ፣ የምዕራቡ ዓለም ከአሻሚነት መሸሹን ራሱን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ጽፏል። እኛ ጋ የቀረው ግን የ1965ቱ ሌቪን ነው።

መስታወቱ

ማታለል ምን ዓይነት ችሎታ ነው? እዚህ ላይ ሥነ ልቦና የሚጨምርልን ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1970 ጎርደን ጋለፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ቺምፓንዚዎችን ለቀናት ከመስታወት ጋር አስቀመጠ። ከዚያ አደንዝዞ ቅንድባቸውና ጆሯቸው ላይ ቀይ ቀለም ቀባ። ሲነቁ መስታወቱን እያዩ የገዛ ፊታቸውን ነካኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለው «ሌላ እንስሳ» ሳይሆን «እኔ» መሆኑን ያወቁ ይመስላል። ዝንጀሮዎች ላይ ሲሞከር ግን አልሆነም።

ጋለፕ ከዚህ ተነስቶ በኋላ ትልቅ ሐሳብ አቀረበ። ራሱን የሚያውቅ ፍጡር የራሱን ልብ እንደ ካርታ አድርጎ የሌላውን ልብ መገመት ይችላል። ርቦኝ ያውቃል፣ ስለዚህ መራብህ ይገባኛል። አንድ ነገር ሳላይ ቀርቼ ተሳስቼ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አንተም ካላየህ እንደምትሳሳት አውቃለሁ። ርኅራኄ ከዚህ ይወለዳል። ማታለልም እንዲሁ። ሁለቱ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ማግኘት አይቻልም።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ቅዳሜ ቅዳሜ ስወጣ ይሄን ፈተና በነጻ አየዋለሁ። አንዷ ስልኳን ከፍ ታደርግና ፊቷን ታያለች። ጸጉሯን ታስተካክላለች። ከዚያ ደክሟት ሽቅብ የወጣችውን ራሷን ትታ ሌላ ፊት ትሠራለች፣ ታነሳለች። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ራሷን አየች፣ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩዋት ገመተች፣ ግምቱን አስተካከለች። ውሸት ነው እንዳንል ሁላችንም እናደርገዋለን፣ ሁላችንም እንደሚደረግ እናውቃለን። ይቺን «ሁላችንም እናውቃለን» የምትል ነገር ያዟት።

ጭላዳው የሚደብቀው

የጋለፕን ሐሳብ የሚፈትን ጥናት የተገኘው እዚሁ አገር ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ሳንቃ በር አካባቢ ጭላዳዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» ላይ ውጤታቸውን አሳተሙ። በጭላዳ ቤተሰብ ውስጥ አንድ መሪ ወንድ አለ፤ ሴቶቹ የእሱ ናቸው፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያስባል። ሴቷ ከሌላ ወንድ ጋር ስትገናኝ ግን ሁለቱም መሪው ራቅ ያለበትን ጊዜ ይመርጣሉ። ሌላ ጊዜ የሚያሰሙትን ድምፅም ይቀንሳሉ። መሪው ከደረሰባቸው ይቀጣል።

ይህን ያነበበ ሰው «ጭላዳም ያታልላል!» ማለቱ አይቀርም። ተመራማሪዎቹ ግን ጠንቃቆች ነበሩ። ጭላዳዋ መሪው ምን እንደሚያስብ መገመት አያስፈልጋትም። ድምፅ ሲያሰሙ ቅጣት እንደሚመጣ፣ ዝም ሲሉ እንደማይመጣ ከኑሮ መማር ይበቃል። መደበቅ ነው እንጂ፣ በሌላው ጭንቅላት ውስጥ የሐሰት እምነት መትከል መሆኑ አልተረጋገጠም።

በእኔ ሙያ ይሄ ልዩነት የታወቀ ነው። ስህተት ሲያጋጥመው ዝም የሚል ፕሮግራም አለ። ስህተት ሲያጋጥመው «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ሪፖርት የሚልክ ፕሮግራም አለ። የመጀመሪያው ደብቋል። ሁለተኛው ግን አንድ ሰው ያንን ሪፖርት እንደሚያነብና እንደሚያምን አስቦ የጻፈው ሰው እጅ አለበት።

ስለዚህ ሁለት ደረጃ አገኘን፦ መደበቅ እና ማታለል። እኔ ሦስተኛ አለ ባይ ነኝ።

እንቆቅልሽ

ልጆች መቼ ማታለል ይችላሉ? እ.ኤ.አ. በ1983 ዊመርና ፐርነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ አጭር ታሪክ ነገሩ። ማክሲ ቸኮሌቱን አንድ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እሱ ሳያይ እናቱ ወደ ሌላ ታዛውረዋለች። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትንንሾቹ ልጆች ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ፤ እነሱ የሚያውቁትን ማክሲም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከአራት ዓመት ወዲያ ያሉት ግን «መጀመሪያ ያስቀመጠበት ቦታ» ማለት ይጀምራሉ። ሌላ ሰው በገዛ ስህተቱ ውስጥ እንደሚኖር ገባቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ይሄ ግንዛቤ ያላቸው ልጆች ውሸታቸውን የተሻለ አድርገው እንደሚይዙ አሳይተዋል። ልጃችሁ አሳማኝ ውሸት የዋሸ ቀን፣ ከቁጣው በፊት እንኳን ደስ አላችሁ።

አሁን የእኛን አገር ልጅ አስቡት። «እንቆቅልሽ!» ይላል። «ምን አውቅልሽ!» ይመለስለታል። ጥያቄውን ይጥላል። ሌላው መፍታት ካቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርን ወይ ሐረርን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። አገር የተቀበለው ልጅ መልሱን ሳይናገር መቅረት አይችልም። ይሄ የጨዋታው ሕግ ነው።

ጨዋታው ውስጥ መደበቅ አለ። የሌላውን ሐሳብ ሆን ብሎ ወደ ተሳሳተ መንገድ መምራትም አለ። ግን ማታለል አይደለም። ለምን? ምክንያቱም ተደባቂ ነገር እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሊገኝ እንደሚችል ሁለቱም ያውቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይገለጣል። ሦስተኛው ደረጃ ይሄ ነው፤ ስሙን «የተስማማንበት ድብቅ» እንበለው። ከማታለል ያነሰ ችሎታ አይደለም፤ ይበልጣል። አታላይ «እሱ ምን ያስባል?» ብሎ ማሰብ ይበቃዋል። እንቆቅልሽ ጠያቂ ግን «እኔ እየደበቅኩ መሆኔን እንደሚያውቅ አውቃለሁ» ማለት አለበት።

ሰምና ወርቅም የዚሁ ልጅ ነው። ቃሉ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ ባዶው ቦታ ላይ ወርቅ ይገባል። ሰሙ ከመጀመሪያው የተሠራው እንዲቀልጥ ነው። የማይቀልጥ ሰም ካለ አንጥረኛው ሥራውን አልጨረሰም።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናል፣ ይጥላል፣ ያመሰግናል። ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የተሸከመችው ቃል፣ ካልተገኘች ቅኔው አልተሳካም። ማንም የማይፈታው ቅኔ የተቀኘ ተማሪ «ረቂቅ» አይባልም፤ አልተቀኘም ይባላል እንጂ።

በየቀኑ አነጋገርም ፊደላችን ያግዘናል። ማጥበቅና ማላላትን ስለማይጽፍ፣ ወረቀት ላይ ሁለት ቃል አንድ ይመስላል። አንድ ሠራተኛ አለቃውን በቴሌግራም «ደሞዝ የሚጨመረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ እንበል። አለቃው «ገና ነው» ብሎ ጻፈ። ላልቶ ከተነበበ ቀኑ አልደረሰም ማለት ነው። ጠብቆ ከተነበበ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዓሉን በደስታ ነው። አለቃውም ሠራተኛውም የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሠራተኛው ሳቅ ይልካል። ማንም አልተታለለም። ደሞዙ ግን አልተጨመረም።

ሌቪን ያላየው ይሄን ነው። ሰምና ወርቅን የተናጋሪው መሸሸጊያ አደረገው። ግን ባህሉ ግማሹን ድካም ያፈሰሰው ሰሚውን በማሠልጠን ላይ ነው። እንቆቅልሽ፣ ቅኔ፣ ተረትና ምሳሌ፣ ሁሉም ጆሮ መሳያ ናቸው። ስለሚጠራጠር ብቻ ሳይሆን ስለሚተማመን የሚሸፍን ሰው አለ፦ «አንተ ትፈታዋለህ» ብሎ።

ወርቅ የሌለው ሰም

ታዲያ እውነተኛው ማታለል ምን ይመስላል? ከእንጦጦ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17ን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላለው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። ጣሊያንኛው በጣሊያን በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነው፤ ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች።

ቀኖቹን ደርድሯቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1889 ጣሊያን ይህንኑ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ከ23 ቀን በኋላ፣ በእኛ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። እዚያ ተራራ ላይ ከበሮ ሲመታ፣ በአውሮፓ የመንግሥታት ቢሮዎች ወረቀት ላይ ሰውየው የሌላ መንግሥት ጥገኛ ነበሩ። ነገሩ የተገለጠው ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ ነው። ከእንግሊዝ የመጣው መልስ፣ መልእክታችን በጣሊያን በኩል ይደርስዎታል የሚል ሆነ።

አንቶኔሊ ያውቅ ነበር ወይ? የታሪክ ተመራማሪዎች ተከራክረውበታል። ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት ልዩነቱ የአስተርጓሚ ስህተት አይደለም፣ አንቶኔሊ እያወቀ ያደረገው ነው የሚል አቋም ይዟል። ለዓመታት ሸዋ የኖረ፣ አማርኛም የሚያውቅ ሰው ስለነበር ክርክሩ ያሳምነኛል።

አሁን በሌቪን ዓይን እንየው። ይሄ ሰምና ወርቅ ነው? አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም፣ አንዱ ግልጽ፣ ሌላው ስውር። ላይ ላዩን ይመስላል። ግን አንድ የቅኔ መምህር አምጥታችሁ የአማርኛውን ጽሑፍ ስጡት። ሌሊቱን ሙሉ ቢያገላብጠው ጥገኝነትን አያገኝም፤ እዚያ የለምና። ወርቁ የተቀመጠው ሌላ ወረቀት ላይ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ አንባቢ ነው። ሰሚው እንዲፈታው አልተሠራም፤ እንዳይፈታው ነው የተሠራው። ይሄ የማይቀልጥ ሰም ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል ተመልሶ መጥቶ፣ በ1883 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱም ባሉበት ከረር ያለ ድርድር ተደረገ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ተፈረመ። አንቶኔሊ አንቀጽ 17 እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት ፈረመ፤ አማርኛው ግን ተሰርዟል የሚል ነበር። ሲገባው ተቆጥቶ ሄደ።

ወገንተኛ ላለመሆን፦ ይሄም ማታለል ነው። ግን አንድ ልዩነት አለው። የተሰወረው ነገር ፊቱ ባለው ወረቀት ላይ፣ እሱ አውቀዋለሁ በሚለው ቋንቋ ተጽፏል። ሊፈታ ይችል ነበር፤ ተፈታም። የመጀመሪያው ውል የምኒልክን መረጃ ማጣት ነው የተጠቀመው። ሁለተኛው የአንቶኔሊን በራስ መተማመን ነው።

እዚህ ላይ ሮበርት ትሪቨርስ የተባለ የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ሐሳብ ይመጣል። ማታለል ሲበዛ አታላይን የመለየት ችሎታም ይስላል፤ ስለዚህ ምርጡ አታላይ መጀመሪያ ራሱን የሚያታልል ነው፤ የማያውቀውን ነገር ፊቱ አይመሰክርበትም። ራስን ማታለል ለአታላዩ ጋሻ መሆኑ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ያው ጋሻ ዓይንም ይጋርዳል። የሚፈልገውን መልስ ለራሱ አስቀድሞ የነገረ ሰው ፊቱ ያለውን ቃል አያነብም። ራስን ማወቅ ለማታለል መሣሪያ እንደሆነ ሁሉ ላለመታለልም መሣሪያ ነው።

ሌቪን ልክ የሆነበት ቦታ

ይሄ ሁሉ «ሌቪን ተሳስቷል፣ እኛ ንጹሕ ነን» ለማለት አይደለም። እንዲያውም ወደ ቢሮ እንግባ።

በሶፍትዌር ሥራ ጠዋት ጠዋት አጭር ስብሰባ አለ። ሥራ አስኪያጁ «ሐሙስ ይደርሳል አይደል?» ይላል። መልሱ «እሺ፣ እንሞክራለን» ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ አይደርስም። ውጭ አገር ያለው ደንበኛ ግን «እሺ» የምትለዋን ሰምቶ ካላንደሩ ላይ ሐሙስን ያከብባል። ሐሙስ ሲደርስ ውሸታሞች እንባላለን። ብዙ ጊዜ ይሄ የሰሚ ልዩነት ነው፤ ሌቪን ስለ ዘመናዊ ሥራና ስለ አሻሚ ቃል የሰጋው ስጋት እዚህ ልክ ነው። ያልሠለጠነ ጆሮ ላለው ሰው ሰም መስጠት፣ ባታስበውም፣ ማታለል ይሆናል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ሥራ አስኪያጁ አይደርስም መባሉን በደንብ ሰምቷል። ግን «እሺ ብለሃል» ብሎ ይይዝሃል። ወርቁን ሰምቶ በሰሙ ይከስሃል። አንድ የሠራሁበት ቦታ ይሄ የየሳምንቱ ሥርዓት ነበር፤ ሦስት ልጆች በአንድ ዓመት ውስጥ ጥለው ወጡ። «ቀጥታ አይናገሩም» ተባለላቸው። ተናግረዋል። ያልሰማ መምሰል ለሰሚው ስለጠቀመ እንጂ።

ሌቪን አራተኛ ብሎ የዘረዘረው ጥቅም ባለሥልጣንን መተቸት ነው፤ ደካማ ሰው ከኃይለኛ ፊት ቃሉን ሲሸፍን። አቅጣጫው ሲገለበጥስ? ኃይለኛው ለደካማው ሲሸፍን ወርቅ የለውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ከራሱ ሕዝብና ከዓለም ሸፍኖ ያዘ። ያንን ዝምታ «የሀበሻ ጥልቀት» ነው ብሎ የሚያስጌጥ ሰው ካለ ቃሉን እየበደለው ነው። የሚፈታ ነገር አልነበረውም። ጭላዳው የሚያውቀው ዓይነት መደበቅ ነው፤ ልዩነቱ የሰው ሕይወት ማስከፈሉ።

ስለዚህ «ሰምና ወርቅ ነው» ሲባል ሦስት ነገር መጠየቅ የሚበቃን ይመስለኛል። ወርቁ እዚያው ንግግሩ ውስጥ አለ ወይስ ሌላ ወረቀት ላይ ነው? ሰሚው የሚፈታበት ጆሮ አለው? ሳይፈታው ቢቀር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ መልሱ ሁልጊዜ «ሰሚው» ከሆነ፣ ስሙ ሰምና ወርቅ አይደለም። አማርኛ ለዚያ ሌላ ቃል አለው፣ አጭርና ግልጽ፦ ውሸት።

ሌቪንን አንብቡት። ርዕሱን ብቻ ሳይሆን መጽሐፉን። ሲያነቡት ግን እያንዳንዱ ተናጋሪ ባለበት ቦታ ላይ አንድ ሰሚ ጨምሩ፣ ሰሚውም ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ። ብዙው ምዕራፍ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዳንዱ ምዕራፍ ደግሞ፣ ይሄን እናገራለሁ፣ ያው እንደነበረ ይቆያል።